ኮሚሽኑ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው?

አፊሊየት ማርኬቲንግ ራሱ ሌብነት አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን ውስጥ አሁን አሁን ነገሩን ስታነሳ ግማሹ ሰው «አንተም ገባህበት?» ብሎ ያዝንልሃል፣ ግማሹ ደግሞ «እኔንም አስገባኝ» ይልሃል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሱቅ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ይሸጣል። እኔ የቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ሰው ያነበኛል። ሱቁ በእኔ ስም የተመዘገበ ሊንክ ይሰጠኛል። አንባቢዬ በዚያ ሊንክ ገብቶ ከገዛ ሱቁ ከትርፉ ላይ ቆንጠር አድርጎ ይከፍለኛል። በቃ። አማዞን ይህን አሠራር በ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮት ዛሬም ይሠራበታል። ገዢው በዚህ ምክንያት የሚጨምረው ሳንቲም የለም፤ እኔም ለመመዝገብ የምከፍለው የለም። በሱቁና በእኔ መሀል ደግሞ ብዙ ጊዜ ኔትወርክ የሚባል ድርጅት አለ። ሊንኩን የሚያዘጋጀው እሱ ነው፣ ሽያጩን የሚመዘግበው እሱ ነው፣ ገንዘቡንም ከሱቁ ተቀብሎ ለእኔ የሚያስተላልፈው እሱ ነው።

የእኔ ገቢ የሚያስቀና አይደለም። አንባቢዎቼ አብዛኞቹ ውጭ አገር ያሉ የአካባቢያችን ልጆች ናቸው፤ የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል፣ ለእናቴ የትኛውን ስልክ ልላክላት እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔም ያየሁትንና ያነበብኩትን እጽፋለሁ። ለሻይና ለኢንተርኔት ይሆናል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ ለቤት ኪራይም ይተርፋል። ገንዘቡ እዚህ እስኪደርስ ያለው ጣጣ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ እለፉት።

ሰው አንድ ሊንክ ልኮ «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኮሚሽኑ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ይህን ከመለሰልኝ ሁለተኛውን አስከትላለሁ፦ ሽያጩን የሚቆጥረው ማነው፣ አንተስ ቆጠራውን ማረጋገጥ ትችላለህ ወይ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ ያልቻለ ፕሮግራም የቱንም ያህል የሚያምር ዌብሳይት ቢኖረው እኔ አልነካውም።

በጣም ከተለመደው ማታለል ልጀምር። በቅርቡ ከተማችን ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ «የዲጂታል አፊሊየት ሥልጠና» ላይ ተጠራሁ። የጠራኝ የማውቀው ልጅ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ተወልዶ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት የከረመ ጎበዝ ልጅ። አዳራሹ ሞልቷል። ውጭ የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው ይቆርጣል፣ ውስጥ ደግሞ ሙዚቃ ተለቋል፣ መድረኩ ላይ ሱፍ የለበሰ ወጣት ስለ ዱባይ ያወራል። ፕሮጀክተሩ የመኪና ቁልፍ የያዙ ሰዎችን ያሳያል። ከዚያ የስልክ ስክሪንሾት ይመጣል፣ ገንዘብ ገባልህ የሚል መልእክት። እንዲያ ያለ መልእክት ማንም ሰው ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል፣ ግን አዳራሹ ያጨበጭባል።

ከኋላ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የምንሸጠው ምንድነው?»

«እማማ፣ እኛ ዕቃ አንሸጥም። ዕድል ነው የምንሸጠው።»

አሁንም ጭብጨባ። እማማም አጨበጨቡ።

እኔ ጥያቄያቸው ሲያልፍ ነው የደነገጥኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዕቃ የተነገረ ነገር የለም። የተነገረው ስለ ፓኬጅ ነው። ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ትልቁ የአንድ መምህር የብዙ ወር ደሞዝ ይሆናል። ፓኬጁን ስትገዛ «አፊሊየት» ትሆናለህ፣ ሌላ ሰው ፓኬጅ ሲገዛ ኮሚሽን ታገኛለህ፣ እሱ ያስገባው ሰው ሲገዛም ታገኛለህ። ፓኬጁ ውስጥ ምን አለ ብዬ ያን ልጅ ጠየቅኩት። «ቪዲዮዎች ናቸው» አለ። ምን ዓይነት ቪዲዮ? ሰው እንዴት እንደሚገባ የሚያስተምር ቪዲዮ።

እዚህ ላይ ጥያቄዬን ጠይቁ። ኮሚሽኑ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? ከሱቅ ትርፍ አይደለም፣ ሱቅ የለም። የሚወጣው ከአንተ ቀጥሎ ከገባው ሰው ኪስ ነው። እሱ የሚያገኘው ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ከሚገባው። ይህ አፊሊየት አይደለም፣ ፒራሚድ ነው። በአገራችን በግልጽ የተከለከለ ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገንዘብ አዋጥተህ ወይም ዕቃ ገዝተህ፣ ሌሎች በአንተ በኩል ሲገቡ ሽልማት ታገኛለህ የሚለውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። ሰልጣኞቹ «ይህ ሕጋዊ ነው፣ የንግድ ፈቃድ አለን» ይባላሉ። ፈቃዱ ሊኖር ይችላል። የሥልጠና ማዕከል ፈቃድ ይሆናል፣ የአስመጪና ላኪ ይሆናል። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሥራ ዘርፍ ምን እንደሆነ የሚያነብ ግን የለም።

ሒሳቡን ለዚያ ልጅ ማኪያቶ ቤት ቁጭ ብለን ሠራሁለት። አሠልጣኙ «አምስት ሰው ብቻ አምጣ» ነው ያለው። እሺ፣ አንድ ሰው አምስት ያመጣል፣ አምስቱ እያንዳንዳቸው አምስት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በሰባተኛው ዙር የሚያስፈልገው አዲስ ሰው 78,125 ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደብረ ብርሃን ከተማ የነበረው ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል 65 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ አድጋለች፣ ችግር የለም፣ ሁለት ዙር እንጨምር። በዘጠነኛው ዙር 1,953,125 አዲስ ሰው ያስፈልጋል። በዚያው ቆጠራ መላው የሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከመንዝ እስከ ምንጃር፣ ከመርሐቤቴ እስከ ኤፍራታ፣ 1.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዙር ኢትዮጵያ ራሷ አትበቃም። ልጁ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየና «እኔ ግን ገና ሁለተኛ ዙር ላይ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉም ሰው ሁለተኛ ዙር ላይ ነኝ ብሎ ነው የሚገባው።

የዚህ ዓይነቱ ማታለል ለመለየት ቀላል ነው፣ ከባዱ ገንዘብ ያስገባን ሰው ማሳመን ነው። ለመለየት የሚከብደው እውነተኛ ዕቃ፣ እውነተኛ ሱቅ፣ እውነተኛ ገዢ ባለበት ውስጥ የሚደረገው ነው። ወደሱ ልምጣ።

ሊንኬን ስትጫኑ ብሮውዘራችሁ ውስጥ ኩኪ የምትባል ትንሽ ምልክት ትቀመጣለች። ይህን ሰው የላከው እገሌ ነው ትላለች። የምትቆይበት ጊዜ እንደ ሱቁ ነው፤ አማዞን ላይ 24 ሰዓት ነው፣ ሌሎች 30 ቀን የሚሰጡ አሉ። ስትገዙ ሱቁ ምልክቷን አይቶ ኮሚሽኑን ለባለቤቷ ይመዘግባል። ሁለት ሰው ምልክት ካስቀመጠስ? በአብዛኛው የመጨረሻው ይወስዳል። ሌባ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

የበግ ገበያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ገዢና ሻጭ ራሳቸው ተገናኝተው፣ የበጉን ላት ዳብሰው፣ ተከራክረው ተስማምተው ብር መቁጠር ሲጀምሩ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ደላላ ዘው ይልና «እኔ ነኝ ያገናኘኋችሁ» ብሎ እጁን ይዘረጋል። የኩኪ ማጭበርበር ይኸው ነው፣ ልዩነቱ ደላላውን ማንም አያየውም።

ትልቁ ምሳሌ የኢንተርኔት ገበያው የኢቤይ ነው። ኢቤይ በጣም ብዙ ኮሚሽን ይከፍላቸው ከነበሩ አፊሊየቶች ሁለቱ፣ ሾን ሆጋንና ብራያን ደኒንግ የሚባሉ አሜሪካውያን፣ የላኩት ገዢ ሳይኖር ኩኪ ሲያስቀምጡ ተገኙ። አንድ ሰው ዝም ብሎ ሌላ ገጽ ያነባል። ገጹ ውስጥ የተደበቀች፣ በዓይን የማትታይ ኮድ ኢቤይን ሳያውቅ ትከፍትና ምልክቷን ታስቀምጥበታለች። ሰውየው ከሳምንት በኋላ በራሱ ፈቃድ ኢቤይ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽኑ ለእነሱ ይሄዳል። ሁለቱ በዚህ መንገድ በድምሩ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስደዋል። ኢቤይ በ2008 እ.ኤ.አ. ከሰሳቸው፣ የወንጀል ክስም ተከተለ፣ በ2014 ሆጋን አምስት ወር፣ ደኒንግ አሥራ አምስት ወር እስር ተፈረደባቸው። እኔን የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ኮዷ ጎብኚው ከሳን ሆዜ ወይም ከሳንታ ባርባራ የገባ ከሆነ እንዳትሠራ ተደርጋ ነበር የተጻፈችው። ሳን ሆዜ የኢቤይ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ ነው፣ ሳንታ ባርባራ ደግሞ ኔትወርኩ፣ ኮሚሽን ጃንክሽን፣ የነበረበት። ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚፈትሽ ሠራተኛ ምንም አያይም ማለት ነው። እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው «አላወቅኩም ነበር» ማለት አይችልም።

በጊዜ ለእኛ የሚቀርበው የሃኒ ነገር ነው። ሃኒ የቅናሽ ኮድ ፈልጎ የሚያመጣ የብሮውዘር ማሟያ ነው፣ የክፍያ ድርጅቱ ፔይፓል 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ የገዛው፣ ግዢው በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተጠናቀቀ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንድ ዩቲዩበር ባወጣው ምርመራ ሃኒ ክፍያ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ የሌላውን ሰው ኩኪ በራሱ እንደሚተካ አሳየ፤ የቅናሽ ኮድ ባያገኝም ጭምር። ሃኒን ሲያስተዋውቁ የነበሩት ዩቲዩበሮች ራሳቸው ሳያውቁ ኮሚሽናቸውን ለእሱ ሲያስረክቡ ነበር ማለት ነው። ክስ ተመሠረተ። ፔይፓል በበኩሉ የመጨረሻው ክሊክ ይወስዳል የሚለውን የዘርፉን ደንብ ነው የምከተለው አለ። ጉግልም ብዙ ሳይቆይ፣ በመጋቢት 2017 ዓ.ም.፣ ለተጠቃሚው ጥቅም ሳይሰጡ የአፊሊየት ሊንክ የሚያስገቡ ማሟያዎችን የሚከለክል ደንብ ለክሮም አወጣ። ይህን የማነሳው ስልካችሁና ኮምፒውተራችሁ ላይ «ገንዘብ ቆጣቢ» ብላችሁ የጫናችሁት ነገር የወዳጃችሁን ኮሚሽን እየበላ ሊሆን ስለሚችል ነው። ማንን ማገዝ እንደፈለጋችሁ ታውቃላችሁ፣ ማሟያው ግን አይጠይቃችሁም።

አሁን ኔትወርኩ ራሱ ሲቀሽብስ? በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፣ ስሙን አልጠራም። አንድ ኔትወርክ ውስጥ የአንዲት ሱቅ ሊንክ ነበረኝ። ክሊኩ ይመጣል፣ ሽያጩ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀጠነ ሄደ። መጀመሪያ ማንንም አልጠረጠርኩም፣ ምክንያቱም ሽያጭ ሳይመዘገብ የሚቀርበት ንጹሕ ምክንያት ብዙ ነው። ሰው በስልኩ ሊንኩን ይጫንና ማታ በኮምፒውተር ይገዛል። ማስታወቂያ ማገጃ ይጠቀማል። የአፕል ሳፋሪ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪ፣ ማለትም ከከፈትከው ድረ ገጽ ውጭ ሌላ ድርጅት የሚያስቀምጠውን፣ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። እነዚህ ሁሉ ሳይሰርቁህ የሚጎድሉብህ ናቸው።

ሆኖም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ ከዚያች ሱቅ የጆሮ ማዳመጫ ልትገዛ መሆኑን ነገረችኝ። ለራሷ ነው የምትገዛው፤ ራስህ በራስህ ሊንክ መግዛት አብዛኞቹ ዘንድ ክልክል ነው፣ አትሞክሩት። በእኔ ሊንክ ግቢ አልኳት፣ የትዕዛዝ ቁጥሩንና ሰዓቱን ላኪልኝ አልኳት። ሽያጩ ዳሽቦርዴ ላይ፣ ማለትም ኔትወርኩ ሂሳቤን በሚያሳየኝ ገጽ ላይ፣ ወጣ፣ «በመጠባበቅ ላይ» ተባለ። ይህም ያለ ነው፣ ገዢው ዕቃውን የመመለሻ ጊዜው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሳምንታት አለፉና «ተሰርዟል» ሆነ። ለምን ብዬ ጻፍኩ። «ደንበኛው ትዕዛዙን ሰርዟል» አሉኝ። ደንበኛዋ ያን ቀን በቪዲዮ ስታዋራኝ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ነበር።

ከዚያ ያደረግኩትን እናንተም አድርጉት፣ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ከኔትወርኩ ጋር መጨቃጨቁን ተውኩና በቀጥታ ለሱቋ ጻፍኩ። የትዕዛዝ ቁጥር ይኸው፣ ይህ ትዕዛዝ ተሰርዟል ወይ፣ ካልተሰረዘ ኮሚሽኑ ለማን ተከፈለ? ሱቋ በጨዋ ደንብ መለሰችልኝ። ትዕዛዙ አልተሰረዘም፣ ኮሚሽኑም ለኔትወርኩ ተከፍሏል። ይህን መልስ ለኔትወርኩ ስልክለት ያቺ አንዷ ሽያጭ በሁለት ቀን ውስጥ «ጸድቋል» ሆነች። ሌሎቹ የተሰረዙትስ? ዝም። ቁጥራቸው ስለሌለኝ መሟገት አልቻልኩም። ነቄ የሆነ ኔትወርክ የሚቀሽበው ልክ እንደዚያ ነው፤ ሁሉንም አይወስድም፣ ማንም ከማይከታተለው መሀል ጥቂት ጥቂት ያነሳል።

ስለዚህ ሽያጭ ሳይመዘገብ መቅረቱና ተመዝግቦ መጥፋቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቴክኒክ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ሊሰጥበት ይገባል፣ ያውም ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ለየብቻው። የተሰረዘበትን ምክንያት የማያሳይ ዳሽቦርድ፣ የትዕዛዝ መለያ የማይሰጥ ኔትወርክ፣ «ሲስተሙ ነው» የሚል ደንበኛ አገልግሎት፣ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ካያችሁ ሊንካችሁን ንቀሉ። ሌላው የምጠላው ለመከፈል መሙላት ያለብህ ዝቅተኛ መጠን ነው። 50 ዶላር ስትሞላ ይከፈልሃል ይባላል። 48 ስትደርስ 100 ሆኗል። 97 ስትደርስ «ሂሳብዎ እየተጣራ ነው» ይመጣል። የውሉ ገጽ መቼ እንደተለወጠ የሚያውቅ የለም። እኔ አሁን የምገባበትን ፕሮግራም ሁሉ የውሉን ገጽ በመጀመሪያው ቀን ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀምጣለሁ።

የሚያናድድ ነገር ሁሉ ግን ማጭበርበር አይደለም። አማዞን በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የብዙ ዕቃዎችን ኮሚሽን በአንዴ ቀነሰ፤ ለምሳሌ የቤት ዕቃ ከ8 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወረደ። ብዙ ሰው ተጎዳ፣ ብዙ ሰው ተራገመ። ቢሆንም አስቀድሞ ነግሮ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ሽያጭ ላይ ነው የቀነሰው። የሠራህበትን አልወሰደም። ጨካኝ ነጋዴና ሌባ ይለያያሉ፣ ከጨካኙ ጋር መሥራት ይቻላል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ራሳችን፣ ሊንክ ወደምንለጥፈው ሰዎች። እዚህም ቆሻሻ አለ። ያልነካውን ዕቃ «ለሦስት ወር ተጠቅሜበት» የሚል አለ። የኮሜንት ሳጥኑን በራሱ ሁለተኛ አካውንት የሚሞላ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሊድክሊክ የሚባል ኔትወርክ ነበር፤ አፊሊየቶቹ የክብደት መቀነሻ ለመሸጥ የዜና ድረ ገጽ የሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ይሠሩ ነበር፣ የሌለ ጋዜጠኛ፣ የሌለ ምስክር፣ የሌለ የአንባቢ አስተያየት። በ2016 እ.ኤ.አ. የይግባኝ ፍርድ ቤት ኔትወርኩም ተጠያቂ ነው አለ፣ ገጾቹን የሠሩት ሌሎች ናቸው ብሎ ማምለጥ አልቻለም። በእኛ ቲክቶክ ላይ በየቀኑ የማየው የስኳር በሽታ «ፈዋሽ» ማስታወቂያ ከዚያ የተለየ አይደለም፣ ቋንቋው ብቻ ነው አማርኛ የሆነው።

ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው የውርርድ ኮድ ነው። ከጠባሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወጣቱ የሚከተለው የቴሌግራም ቻናል አለ። የዛሬ «ሹር» (አይሳሳቱም የሚባሉ) ጨዋታዎች፣ ከሥር «በእኔ ኮድ ተመዝገቡ»። ሰው ኮዱ ለቦነስ ነው ብሎ ያስባል። ብዙዎቹ የውርርድ አፊሊየት ውሎች ግን እንዲህ ነው የሚሠሩት፦ በኮዱ የገባው ሰው ከተበላው ገንዘብ ላይ ለባለ ኮዱ የተወሰነ በመቶ ይሰጠዋል። ስትበላ ያጣል፣ ስትበላ የሚለውን ጠበቅ አድርጋችሁ አታንብቡት፣ ስታሸንፍ ማለቴ ነው። ስትሸነፍ ያገኛል። እና ይህ ሰው ነው ዛሬ በየትኛው ጨዋታ ላይ ገንዘብህን እንደምታስይዝ የሚመክርህ። ነጻ የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ግብይት) «ሲግናል»፣ ማለትም ግዛ ሽጥ የሚል ጥቆማ፣ የሚሰጡ ግሩፖችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው፤ አስተዳዳሪው ከደላላው ድርጅት የሚከፈለው አንተ ባደረግከው ግብይት ብዛት ነው፣ አንዳንዱ ጋር ደግሞ በከሰርከው ልክ። ኮሚሽኑ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ካወቅክ ምክሩ ለምን ነጻ እንደሆነ ይገባሃል።

እኔ ከእያንዳንዱ ሊንክ በላይ «ከዚህ ከገዛችሁ ሱቁ ለእኔ ኮሚሽን ይከፍላል፣ እናንተ የምትጨምሩት የለም» ብዬ እጽፋለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህ ሰው ያሸሻል ይሉኛል። አላሸሸብኝም። እንዲያውም «ከዚህ ገዝቼልሃለሁ» ብለው የሚጽፉልኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ ፕሮግራም ስትፈትሹ ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ኔትወርኩ «አብሮኝ ይሠራል» የሚለው ትልቅ ሱቅ ራሱ ዌብሳይት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል፣ የአፊሊየት ገጽ ይኖረዋል፤ እዚያ የኔትወርኩ ስም ከሌለ ለሱቁ ኢሜይል ላኩ። የዌብሳይቱ ስም መቼ እንደተመዘገበ ሁዊዝ (WHOIS) በሚባለው የዌብሳይት ስሞች መዝገብ ላይ በነጻ ታያላችሁ፤ «ከአሥር ዓመት በላይ ልምድ» የሚል ድርጅት ስሙ ባለፈው ወር የተመዘገበ ከሆነ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግም። ለመመዝገብ ገንዘብ ከጠየቀ ውጡ። ያገኘኸውን ለማውጣት መጀመሪያ «ግብር» ወይም «ማስከፈቻ» ላክ ካለ ሩጡ፤ እውነተኛ ከፋይ ተቀናሽ ካለው ከሚከፍልህ ላይ ይቀንሳል እንጂ ሌላ አያስልክህም።

ገንዘብ ያስገባችሁስ? የመሐል ሜዳው ልጅ በመጨረሻ ጠይቆኛል፣ አባቱ በግ ሸጠው የሰጡትን ነበር ያስገባው። መጀመሪያ ሰው ማስገባት አቁም አልኩት። ያስመለስኩ መስሎህ ሌላ ሰው ካስገባህ ተጎጂ መሆንህ ቀርቶ ተጠያቂ ትሆናለህ። ያስገባሃቸውንም ዛሬውኑ ደውለህ ንገራቸው፣ ይሳደባሉ፣ ይሁን። ከዚያ የባንክ ደረሰኙን፣ የቴሌብር መልእክቱን፣ የተቀባዩን ስምና የሂሳብ ቁጥር ሰብስበህ ለፖሊስ አመልክት፤ ንግድ መምሪያም ሂድ፣ ፈቃዱን ያውቁታል ወይም እንደማያውቁት ይነግሩሃል። ብቻህን ከምትሄድ አብረውህ የገቡት ካሉ አንድ ላይ ሂዱ። የቴሌግራም ግሩፑን ግን ተናደህ ወዲያው አትውጣ። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ከፍተህ ሙሉ ንግግሩን ኤክስፖርት አድርገው፣ ማለትም ቅጂውን ኮምፒውተርህ ላይ አስቀምጠው፤ አስተዳዳሪው አንዴ ግሩፑን ለሁሉም ካጠፋው ከአንተም ስልክ ላይ ይጠፋል።